አዲስ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር በአቅም ልክ ማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር ዜማዎችን በስልካቸው እየሰሙ በቃላቸው የያዙ፣ የተዋናዮቹን ስም አንድ በአንድ የሚያውቁ፣ ነገር ግን የቲኬቱን ዋጋ ሲያዩ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብለው የተዉ ብዙ አድናቂዎች አሉ። ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለእነሱ ነው። ኒውዮርክ ወይም አካባቢዋ ለሚኖሩ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በአውቶቡስ ለሚሄዱ፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ አገር ዘመድ ጥየቃ መጥተው ሁለት ሦስት ምሽት ትርፍ ላላቸው ይጠቅማል። ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒውዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች፣ የሀብታም ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ለማግኘት ግን አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዋጋው ለምን እንዲህ ተወደደ?

እ.ኤ.አ. በ2024–25 የቴአትር ዘመን ወደ 14.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች ብሮድዌይ ገብቷል፤ ገቢው ደግሞ 1.89 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሲካፈል አንድ ቲኬት በአማካይ ወደ 130 ዶላር ይጠጋል ማለት ነው። አንድ አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር መድረክ ላይ እስኪወጣ ድረስ ከአሥር ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ተዋናይ፣ ሙዚቀኛ፣ የመብራትና የልብስ ባለሙያ፣ የቴአትር ቤት ኪራይ በየሳምንቱ ይከፈላል። በሳምንት የሚቀርበው ትርኢት ደግሞ ስምንት ብቻ ነው።

ነገር ግን አማካይ ዋጋ ማለት እርስዎ የሚከፍሉት ዋጋ ማለት አይደለም። በአንድ ምሽት፣ በአንድ አዳራሽ፣ አንዱ 400 ዶላር ከፍሎ ሲቀመጥ ሌላው ጥቂት ረድፍ ርቆ በ40 ዶላር ሊቀመጥ ይችላል። ምክንያቱም ዛሬ ማታ ባዶ ያደረ ወንበር ነገ አይሸጥም። መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ያ ወንበር ምንም ዋጋ የለውም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት መንገዶች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው፤ ቴአትር ቤቱ ባዶ ወንበር የሚፈራበትን ቀንና ሰዓት ያወቀ ሰው በርካሽ ይገባል።

ለአዲስ ሥራ ቲኬት መቼ ልግዛ?

አንድ ምክር ብቻ መስጠት ቢፈቀድልኝ ይህን እሰጥ ነበር፦ ከምረቃው በፊት ይግዙ።

አዲስ ሥራ በይፋ ከመመረቁ በፊት ብዙውን ጊዜ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ያህል በተመልካች ፊት ይቀርባል። ይህ ወቅት ፕሪቪው ይባላል። ደራሲዎቹና አዘጋጁ ማታ ማታ የተመልካቹን ስሜት እያዩ ቀን ቀን ያስተካክላሉ፤ ዘፈን ይቀንሳሉ፣ ንግግር ይለውጣሉ፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ትዕይንት ያወጣሉ። ሃያሲዎች ገና አልጻፉም፤ ሽልማት የለም፤ ቱሪስቱ ስሙን አልሰማም። ስለዚህ ቅናሹ በዚህ ጊዜ ይበዛል። ለእውነተኛ አድናቂ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም ባይ ነኝ፤ በኋላ ማንም የማያየውን ዘፈን እርስዎ አይተውት ሊሆን ይችላልና።

ለምሳሌ «ሜይቢ ሃፒ ኤንዲንግ» የተባለውን ሥራ እንመልከት። ታሪኩ ሴኦል ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ያረጁ ሮቦቶች ታሪክ ነው። በቤላስኮ ቴአትር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ሲመረቅ ታዋቂ ፊልም ወይም መጽሐፍ ከኋላው አልነበረም፤ በፕሪቪው ሳምንታቱ ገበያው ቀዝቃዛ ስለነበር ይዘጋል ብለው የሰጉ ብዙ ነበሩ። ያኔ የገባ ሰው ጥሩ ወንበር በቅናሽ አገኘ። ከዚያ ያየው ላላየው እየነገረ አዳራሹ ሞላ፤ በሰኔ 2025 የምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትርን ጨምሮ ስድስት ቶኒ፣ ማለትም የብሮድዌይ ትልቁን ሽልማት፣ ወሰደ። ከሽልማቱ በኋላ ያንኑ ወንበር በዚያው ዋጋ መመኘት ከንቱ ነው።

ስለዚህ ቀን መቁጠሪያውን ይያዙ። የቶኒ ሽልማት የሚሰጠው በሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን፣ ለመወዳደር እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ መመረቅ ያስፈልጋል። ከዚህ የተነሳ በመጋቢትና በሚያዝያ በርካታ አዳዲስ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ሁሉም ለአንድ ዓይነት ተመልካች ይሻማሉ። ያ ሽሚያ ለኪስዎ ጥሩ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሁኔታ ግን ይለያል። መሪ ተዋናዩ ዓለም የሚያውቀው የፊልም ሰው ከሆነና ትርኢቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከሆነ፣ ፕሪቪውም ቢሆን ውድ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሽያጩ በተጀመረበት ቀን ርካሹን ወንበር መያዝ ነው እንጂ መጠበቅ አያዋጣም።

ከዓመቱ ውስጥ የትኛው ወቅት ይሻላል?

ጥርና የካቲት፤ ቀጥሎ መስከረም። ብርዱ ሲበረታና የበዓል እንግዳ ሲመለስ አዳራሾቹ ይሳሳሉ። «ብሮድዌይ ዊክ» የሚባለው በአንድ ቲኬት ዋጋ ሁለት የሚሸጥበት ፕሮግራምም የሚውለው በእነዚህ ወቅቶች ነው፤ ስሙ ሳምንት ቢልም ከሳምንት በላይ ይቆያል። አዲስና ተፈላጊ ሥራዎች ሁልጊዜ ባይካተቱም ዝርዝሩን ማየት አይጎዳም። ከሳምንቱ ቀናት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ከዓርብና ቅዳሜ ይረክሳል። በምስጋና ቀን ሳምንት እና ከገና እስከ አዲስ ዓመት ባሉት ቀናት ግን ርካሽ ፍለጋ አይድከሙ።

ከኢንተርኔት ልግዛ ወይስ ቴአትር ቤቱ ድረስ ልሂድ?

ኒውዮርክ ውስጥ ከሆኑ ይሂዱ። በኢንተርኔት ሲገዙ በእያንዳንዱ ቲኬት ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ዶላር ያልፋል። ለአራት ቤተሰብ ሲታሰብ ይህ የራት ዋጋ ነው። በቴአትር ቤቱ በር ላይ ካለው የቲኬት መስኮት ሲገዙ ይህ ክፍያ የለም።

ሌላም ጥቅም አለው። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው አዳራሹን እንደ ቤቱ ያውቀዋል። «በዚህ ሳምንት በማንኛውም ቀን ሊሆን ይችላል፤ በጣም ርካሽ ሆኖ ግን መድረኩ ሙሉ በሙሉ የሚታየው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ቀኑን ክፍት አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አማራጭ ይሰጠዋል፤ «ቅዳሜ ማታ ካልሆነ» የሚል ግን የተረፈውን ይወስዳል። የቅናሽ ኮድ ካገኙም (ፕሌይቢል እና ብሮድዌይቦክስ የተባሉት ድረ ገጾች በየጊዜው ያወጣሉ) አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መስኮት ላይ ይሠራል፤ ስልክዎ ላይ ይዘውት ይቅረቡ። መስኮቶቹ በአመዛኙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር 10 ሰዓት፣ ይከፈታሉ፤ እሑድ ዘግየት ይላሉ።

ርካሽ ቲኬት በዕጣ ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው? ደርሶት የሚያውቅ ሰው አለ?

እውነት ነው፤ በየቀኑ ይደርሳል። ታሪኩም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 «ሬንት» በኔደርላንደር ቴአትር ሲከፈት ታሪኩ ስለ ድሃ ወጣት የጥበብ ሰዎች ነበርና እነዚያን የመሰሉ ወጣቶች እንዲገቡ በማለት የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች በዕለቱ በ20 ዶላር ይሸጡ ጀመር። አድናቂዎች ሌሊቱን አስፋልት ላይ ማደር ሲያበዙ ሰልፉ በዕጣ ተተካ። ከዓመታት በኋላ «ሃሚልተን» በ2015 ሲመጣ በሪቻርድ ሮጀርስ ቴአትር በር ላይ የሚወጣው የ10 ዶላር ዕጣ መንገዱን በሕዝብ ያጨናንቅ ነበር። ሥራው የሚተርክለት የአሜሪካ መሥራች አሌክሳንደር ሃሚልተን ምስሉ ያለው በ10 ዶላር ኖት ላይ ነውና ዋጋውም ለዚሁ ተመረጠ። ዛሬ ዕጣው በስልክና በኮምፒውተር ይሞላል።

የሚሞላበት ቦታ እንደየቴአትር ቤቱ ይለያያል፤ ብሮድዌይ ዳይሬክት፣ ላኪ ሲት እና ቴሌቻርጅ ዋናዎቹ ናቸው። የትኛው ሥራ በየትኛው እንደሚወጣ የሥራው ይፋዊ ድረ ገጽ ይነግርዎታል። ዋጋው ከ10 ዶላር ጀምሮ ብዙ ጊዜ ከ60 ዶላር አይበልጥም። መሞላቱ ነጻ ነው፤ ለመመዝገብ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አይመኑት።

ጥቂት ነገሮች ዕድልን ይጨምራሉ። ሁለት ሰዎች አብራችሁ ለመግባት ካሰባችሁ ሁለታችሁም በየስማችሁ ለሁለት ሁለት ቲኬት ሙሉ፤ አንዱ ከደረሰው ሁለታችሁም ትገባላችሁ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትንና የረቡዕን የቀን ትርኢት አይዝለሉ፤ ተወዳዳሪው ያንሳል። ውጤቱ የሚነገርበትን ሰዓት ስልክዎ ላይ ደወል ያድርጉበት፤ ደረሰዎት ከተባለ በኋላ ለመክፈል የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ። ሥራ ላይ ሆነው መልእክቱን ሳያዩ ሰዓቱ አልፎባቸው ያዘኑ ብዙ ናቸው። ስምዎንም ፓስፖርትዎ ወይም መታወቂያዎ ላይ እንዳለው ይጻፉ፤ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል የተምታታበት ሰው በር ላይ ሊቸገር ይችላል። ያሸነፉትን ቲኬት ለሌላ ማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም።

ዕጣ ግን ዕጣ ነው። ኒውዮርክ የሚቆዩት አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ ተስፋዎን ሁሉ እዚህ ላይ አይጣሉ።

«ራሽ» የሚሉት ምንድን ነው?

በዕለቱ ለዕለቱ ትርኢት የሚሸጥ ርካሽ ቲኬት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው ይገኛል። ሦስት ዓይነት አለ፦ ለማንኛውም ቀድሞ ለመጣ የሚሸጥ፣ ለተማሪ ብቻ የሚሸጥ፣ እና በቱዴይቲክስ መተግበሪያ ጠዋት የሚለቀቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመስኮት ነው፤ መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት ሰልፍ መያዝ ይጠይቃሉ። ምን ያህል ቀድመው መድረስ እንዳለብዎ የሚወስነው የሥራው ተፈላጊነት ነው፤ ከምረቃ በፊት አርባ ደቂቃ የሚበቃበት በር ከሽልማት በኋላ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰው ይሰለፍበታል። ለአንድ ሰው ከሁለት ቲኬት በላይ አይሰጥም።

ከሰልፉ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገርም አለ። ከፊትዎና ከኋላዎ ያሉት እንደ እርስዎ ያንን ሥራ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የትኛው ምትክ ተዋናይ ድንቅ እንደሆነ፣ የየትኛው ቴአትር ቤት ሰልፍ እንደሚያጥር የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው። አፍረው ዝም አይበሉ፤ ያናግሯቸው።

ቆሞ ማየትስ?

አንዳንድ ቴአትር ቤቶች ሁሉም ወንበር ሲሸጥ ብቻ ከታችኛው ክፍል ኋላ ጥቂት የመቆሚያ ቦታ ይሸጣሉ። ቦታው ቁጥር አለው፤ መደገፊያም አለው። ዋጋው ከራሽ ጋር ተመሳሳይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል መቆም የሚችል ጤናማ ሰው ብዙ መቶ ዶላር ከተከፈለበት ወንበር ጀርባ ሆኖ ያንኑ መድረክ ያያል።

ታይምስ ስኩዌር ላይ ያለው የቅናሽ መሸጫ ለአዲስ ሥራ ይጠቅማል?

47ኛው መንገድ ላይ፣ ቀዩ ደረጃ ሥር ያለው መሸጫ ቲኬቲኤስ ይባላል። ቴአትር ዴቨሎፕመንት ፈንድ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከ1973 ጀምሮ ያስተዳድረዋል። ለዕለቱ ትርኢት ከ20 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ያለው ቲኬት ይሸጣል። ከበላዩ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የትርኢቱን ስምና ቅናሹን በመቶኛ ያሳያል፤ በስልክ መተግበሪያውም ቤትዎ ሆነው ያንኑ ዝርዝር ማየት ይችላሉ። እጅግ ተፈላጊ የሆነ ሥራ እዚያ አይወጣም። ገና ስሙ ያልገነነ አዲስ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ለዚህ ነው የምወደው።

ሰልፉ ረጅም ቢመስልም ይንቀሳቀሳል። የድርጅቱ ሠራተኞች በሰልፉ መካከል እየተዘዋወሩ ስለ ትርኢቶቹ ያስረዳሉ፤ እነሱን ይጠይቁ። በመንገድ ላይ በራሪ ወረቀት እያደሉ «ከዚህ የረከሰ አለ» የሚሉት ግን የመሸጫው ሰዎች አይደሉም። ከዚያ የገዙበትን ቲኬት አይጣሉት፤ በሰባት ቀን ውስጥ ይዘውት ከተመለሱ ሳይሰለፉ የሚስተናገዱበት አሠራር አለ።

ተማሪ፣ መምህር ወይም ጡረተኛ ነኝ፤ የተለየ ነገር አለ?

አለ፤ ከእኛ ሰው ብዙው ግን አያውቀውም። ይኸው ቲኬቲኤስን የሚያስተዳድረው ድርጅት የአባልነት ፕሮግራም አለው። ሙሉ ጊዜ ተማሪ፣ መምህር፣ ጡረተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል፣ በሰዓት ተከፋይ የአገልግሎት ሠራተኛ፣ የሃይማኖት አገልጋይ እና ሌሎችም መመዝገብ ይችላሉ። ዓመታዊ ክፍያው አነስተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲጠቀሙበት ይመልሳል። በምላሹ ከሙሉ ዋጋው በእጅጉ ያነሰ ቲኬት ይገዛሉ፤ ወንበሩን ግን እርስዎ አይመርጡም። የሆቴል ወይም የሆስፒታል ሠራተኛ ሆነው የማኅበር አባል የሆኑ ወገኖቻችን ኒውዮርክ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ እባክዎ ይንገሯቸው።

ከዚህ ሌላ ራውንድአባውት እና ሊንከን ሴንተር ቴአትር የተባሉት ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት ለወጣት ተመልካቾች በነጻ የሚመዘገቡበትና በርካሽ የሚገቡበት ፕሮግራም አላቸው። የዕድሜ ገደቡን ድረ ገጻቸው ላይ ያረጋግጡ።

ርካሹ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምን አያለሁ?

ከሚያስቡት በላይ። ለጭፈራ ለተሠራ ሙዚቃዊ ቴአትር ከሜዛኒን፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፎቅ፣ የፊት ረድፍ የተሻለ ቦታ የለም እላለሁ፤ ተወዛዋዦቹ የሚሠሩት ቅርጽ ከታች አይታይም፣ ከላይ ግን እንደ ጥለት ይዘረጋል። የላይኛው ሰገነት ጎን በጣም ይረክሳል፤ በብዙ አሮጌ ቴአትር ቤቶች ግን ሊፍት የለም፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። እናትዎን ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አባትዎን ይዘው ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።

«ከፊል እይታ» ተብሎ የሚሸጥ ወንበርም አለ። አንዳንዱ የሚደበቀው የመድረኩ ጥግ ጥቂት ክንድ ያህል ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ብረት መከለያ ዓይንዎ ትክክል ላይ ያቆምብዎታል። መስኮት ላይ «የሚደበቀው ምን ያህል ነው? በየትኛው ጎን?» ብለው ይጠይቁ፤ በግልጽ ይነግሩዎታል።

ከዳግም ሻጭ ድረ ገጽ መግዛት ምን ችግር አለው?

የሥራውን ስም ኢንተርኔት ላይ አስገብተው ሲፈልጉ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይፋዊው ድረ ገጽ ሳይሆን የማስታወቂያ ቦታ የገዛ ዳግም ሻጭ፣ ማለትም ቲኬት ገዝቶ አትርፎ የሚሸጥ፣ ነው። መልኩ ይፋዊ ይመስላል፤ የቴአትር ቤቱ ስምም አድራሻው ውስጥ ይኖራል። መስኮት ላይ በ89 ዶላር የሚሸጥ ወንበር እዚያ በእጥፍ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው፣ ያውም ቴአትር ቤቱ ገና ሸጦ ሳይጨርስ። ከግንቦት 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ሻጮች ክፍያዎችን ሁሉ ያካተተውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት ግዴታቸው ነው፤ መጨረሻ ላይ ዋጋው ከጨመረብዎ ገጹን ዘግተው ይውጡ። መንገድ ላይ በስልክ የተነሳ የቲኬት ምስል ከማያውቁት ሰው በፍጹም አይግዙ፤ ያንኑ ምስል ለአሥር ሰው ሸጦት ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛውን መንገድ ለማግኘት ከሥራው ይፋዊ ድረ ገጽ ተነስተው «ቲኬት» የሚለውን ይጫኑ፤ ያ የሚወስድዎት ቦታ ትክክለኛው ነው።

የምወደው መሪ ተዋናይ ያን ቀን ባይመጣስ?

ስሙ ከሥራው ርእስ በላይ የተጻፈ ተዋናይ ከሆነ ገንዘብዎ ሊመለስ ወይም ቀን ሊቀየርልዎ ይችላል። ካልሆነ አይመለስም። ምትክ ተዋናዮቹን ግን አይናቁ፤ የዓመታት ልፋታቸውን በዚያች ምሽት ለማሳየት የሚወጡ ሰዎች ናቸው።

ልጆች ይዤ መግባት እችላለሁ?

አብዛኞቹ ቴአትር ቤቶች ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አያስገቡም። «ኪድስ ናይት» በተባለው ፕሮግራም በተመረጡ ቀናት ሙሉ ከሚከፍል አዋቂ ጋር ዕድሜው 18 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በነጻ ይገባል።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ የግድ ኒውዮርክ መሄድ አለብኝ?

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ወገናችን ጥሩ ዜና አለ። ብዙ አዳዲስ ሥራዎች ብሮድዌይ ከመድረሳቸው በፊት የሚፈተኑት እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። በ2017 የምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር ቶኒን የወሰደው «ዲር ኢቫን ሃንሰን» መጀመሪያ የታየው በ2015 በዲሲው ቴአትር ቤት በአሬና ስቴጅ ነበር። «ሚን ገርልስ» በ2017፣ «ቢትልጁስ» በ2018 ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ባለው ናሽናል ቴአትር ጀምረው ነው ኒውዮርክ የገቡት። የእነዚህ ቤቶች ዋጋ ከብሮድዌይ ያንሳል፤ የአውቶቡስና የሆቴል ወጪም የለም። በየክረምቱ መግቢያ የቀጣዩን ዘመን ፕሮግራማቸውን አይተው «የዓለም የመጀመሪያ ትርኢት» ወይም «ብሮድዌይ ከመግባቱ በፊት» የሚለውን ይፈልጉ።

ቲኬቱ ላይ 7 ሰዓት ይላል፤ ስንት ሰዓት ልድረስ?

ከአገር ቤት ለመጡ እንግዶች፦ ይህ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት በር ላይ ይሁኑ። አርፍዶ የደረሰ ሰው ተስማሚ እረፍት እስኪገኝ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል፤ በአንዳንድ ሥራ ይህ እስከ ሃያ ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። ትልቅ ሻንጣ አይያዙ፤ ብዙዎቹ ቴአትር ቤቶች ማስቀመጫ የላቸውም።